የተደፈነው በር

በዚያ ሆስፒታል ግቢ ጠዋት የሚጀምረው በመጥረጊያ ድምፅ ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን የማያወልቁት ሽማግሌው ጥበቃ፣ ጋሽ ማንደፍሮ፣ ከዋናው በር ተነስተው የባሕር ዛፉን ቅጠል እየገፉ እስከ ጓሮው ድረስ ይመጣሉ፤ ቀጥሎ የልብስ አጣቢዎቹ ባልዲ ይንኳኳል፤ ቀጥሎ አዋላጇ ሲስተር የሺ ሚዛኗን በብብቷ ይዛ የእናቶች ማቆያውን በር በክርኗ ትገፋና «በሉ እናቶች፣ እንመዘን» ትላለች። የእናቶች ማቆያ ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁና፣ ቤታቸው ከሐኪም የራቀ፣ ምጣቸውም ያሰጋል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት ነው። ሽሯቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፣ ነጠላቸውን ያጥባሉ፣ ከዚያ የቀረው ሥራቸው መጠበቅ ነው። ለዘርፌ ከሥራ ሁሉ የከፋባት ይኸው መጠበቅ ነበር።

ሙሉ ስሟ ዘርፌሽዋል ነው፤ እኛ ግን አገሯ እንደሚጠራት ዘርፌ እንበላት። ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት ነበረች። በመንደሯ ግድግዳ ሲለሰን የምትጠራው እሷ ናት፤ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ጭዱን አዋህዳ፣ በመዳፏ እየለጠፈች ስታሸው ግድግዳው እንደ እንቁላል ይለሰልሳል። አሁን ግን በሦስተኛው እርግዝናዋ ደም ስለታያት፣ የፊተኞቹን ሁለት ልጆቿንም እዚሁ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ «ከግቢ እንዳትወጪ» ተብላ ተቀምጣለች። ልጆቿ አማቷ ዘንድ ናቸው። ባሏ ደርበው አረም ላይ ነው። ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ ጣሪያ ታያለች።

ማቆያው ራሱ ዱሮ ማዋለጃ ክፍል ነበር። በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ ቤት ነው። አዲሱ ማዋለጃ በብሎኬት ሲሠራ አሮጌው ለእነሱ ተሰጠ። በጓሮ በኩል አንድ በር ነበረው፤ አዋላጆቹ እንግዴ ልጁን በባልዲ ይዘው የሚወጡበት። ከዚያ በር ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ሳር የወረሰው፣ የሲሚንቶ ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ፤ የሆስፒታሉ እንግዴ ልጅ ሁሉ የሚጣለው እሱ ውስጥ ነው። ሴቶች ሊተኙበት ሲሆን በሩ ወደ ጉድጓድ መከፈቱ አያምርም ተባለና በጭቃና በጭድ ተደፈነ፣ ላዩ ኖራ ተቀባ። የተደፈነ በር ግን መደፈኑ ያስታውቃል። የመቃኑ ቅርጽ ከኖራው ሥር ጎበጥ ብሎ ይታያል፣ መሀሉ ከዳሩ ጋር አንድ አልሆነም፣ ዙሪያውንም እንደ ተሰፋ ቁስል ቀጭን ስንጥቅ ዞሮታል። የዘርፌ አልጋ ራስጌው ከዚህ በር ጋር ነው። መጀመሪያ የገባች ቀን በመዳፏ ዳበስ አድርጋው «ይህን የለሰነው ሰው እጁ ይቆረጥ» ብላ ነበር።

ዶክተር ናሆም ልጅ እግር ነው፤ ሲናገር ዓይን ያያል፣ ለዚያ ዘርፌ ትወደዋለች። የሚያበሳጫት አንድ ቃሉ ብቻ ነው። በአልትራሳውንዱ ክፍል ጨለማ ውስጥ ቀዝቃዛውን ነገር ሆዷ ላይ ቀብቶ፣ መሣሪያውን እያንሸራተተ፣ በማሽኑ ግራጫ መስኮት ላይ አሳያት።

«ይሄ ልጁ ነው። ደህና ነው፣ አታስቢ። ይሄ ደግሞ እንግዴ ልጁ። እዚህ በእንግዴ ልጁና በማህፀንሽ ግድግዳ መሀል አንድ ጥቁር መስመር መኖር ነበረበት፤ ድንበር ማለት ነው። ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«እኔም አይታየኝም። የለም።»

ፎጣ ሰጣትና ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ልጅ ሲረገዝ ለእናቱ ሰውነት ግማሽ ባዕድ ነው፤ ግማሹ የአባቱ ነዋ። ሌላ ባዕድ ቢገባ ደምሽ ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች አያስተርፉትም። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት እንላቸዋለን፤ በዓይን አይታዩም። ማህፀን ውስጥ የሚቆሙት ግን ሥራቸው ለየት ይላል። እንግዴ ልጁን ያስገቡታል፣ ደም እንዲያገኝ ቧንቧውን ያሰፉለታል፣ ከዚያ እስከዚህ ድረስ፣ ከዚህ አትለፍ ይሉታል።»

«የኔዎቹስ?»

«ተቀዶ በተሰፋ ቦታ ላይ እንደ ዱሮው አይሆኑም። ይሳሳሉ። ከቀሩትም አንዳንዶቹ ጠባያቸው ይለወጣል። ማስቆሙን ይተዉና እሺ ባይ ይሆናሉ፤ እንዲያውም መንገድ የሚጠርጉለት ይመስላል። ያንቺ እንግዴ ልጅ ጠባሳሽ ውስጥ ሥር ሰዷል፣ ዘርፌ።»

ዘርፌ ፎጣውን ጨመቀችው። «ታዲያ ጠባቂ ካልጠበቀ ለምን ይቀለባል?»

ዶክተሩ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱ ከበደ። «እኛም ይህንኑ ነው የምንጠይቀው። ለምን እንደሚለወጡ ገና ተጣርቶ አልታወቀም። የሚታወቀው፣ በእጅ ላላቅቀው ቢባል ደምሽ እንደሚያልቅ ነው። ስለዚህ አንነካውም። ልጁን አውጥተን ማህፀኑን ከነእንግዴ ልጁ እናወጣዋለን። የደም ዓይነትሽ በቀላሉ አይገኝም፤ ጠይቀናል። የማደንዘዣ ባለሙያውም ከሄደበት ይመለሳል። ያኔ ትወልጃለሽ፣ ትድኛለሽ፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

ያችን «በቅርቡ» ዘርፌ እንደ ጥርስ ሕመም ጠላቻት። ስትተኛም ስትነሳም የምታስበው አንድ ነገር ነው፦ ደሙ ሳይገኝ ይኸ ሥር የሰደደው ነገር ቢቀድማቸውስ? ያን ጊዜ እሷም የለች፣ ልጁም የለ።

ግድግዳውን ማዳመጥ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ግቢው ሁሉ በእንቅልፍ ሲከብድ፣ ከራስጌዋ ከተደፈነው በር ውስጥ ጥጃ ጡት ሲስብ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች፤ ሳብ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ መልሶ ሳብ ያደርጋል። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የእርጥብ ጭቃ ሽታ ታውቃለች፣ የሻጋታም ታውቃለች፤ ይኼ ግን ብረት ብረት የሚል የደም ሽታ ሆኖ ከሥሩ ሞቅ ያለ ወተት ነገር ነበረው፤ የአራስ ቤት ሽታ፣ ግን የታፈነና የቆየ።

«ትርንጎ፣ ይሰማሻል?» አለች።

ትርንጎ ማዶ አልጋ ላይ ያለችው፣ መንታ ያረገዘች፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማታጣ የቆላ ሴት ናት። «የሚሰማኝ የኔ ሆድ ነው። ሁለቱ ይራገጣሉ።»

«ከግድግዳው ነው የምልሽ።»

«አንቺ ይኼ ግድግዳ ባይኖር ከማን ትጣይ ነበር? ባልሽ እዚህ ቢሆን እኮ ግድግዳው ባረፈ!»

ዘርፌም ሳትወድ ሳቀች። በማግስቱ ግን ስንጥቁ ላይ ቀይ ክር አየች። ከፀጉር ወፈር ይላል፣ ከኖራው ላይ ብቅ ብሎ እንደ ወንዝ ገባር ተከፋፍሏል። የሣር ሥር መሰላትና በጥፍሯ ልትመዘው ያዘችው። ሞቀ። ጣቶቿ መሀል ትር አለ። በዚያችው ቅጽበት ከሆዷ ግርጌ፣ ከአሮጌው ጠባሳዋ ዘንድ፣ አንድ ነገር በዚያው ልክ ሳብ አደረጋት።

ክሩን ለቀቀችው። እጇን ነጠላዋ ላይ ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ተናደደች፤ ንዴት ከፍርሃት ይሻላታልና።

ለሲስተር የሺ ነገረቻት። ሲስተር ቀና ብላ አየችና «የውኃ ሥርገት ነው፤ ለጥገና ክፍል እነግርልሻለሁ» አለች።

«ባለፈውም ብለውኛል።»

«ባለፈውም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰው የለም። ደግሞ ደምሽ አንሷል፣ ዘርፌ፤ ደም ሲያንስ ጆሮ ይጮኻል። ኪኒንሽን ዋጪ።»

ክሩን በቢላ ፋቀችው። በሚቀጥለው ቀን ከፋቀችው ቦታ ወፍሮ መጣ። በአመድ አሸችው፤ አመዱን አርጥቦ አለፈው። አልጋዬ ይነሳልኝ አለች፤ «የት ይሂድ?» አሏት፤ እውነትም ቦታ የለም፤ አንደኛው ጥግ ያፈሳል፣ በሌላው የኦክስጅን ሲሊንደር ተከምሯል። ሁሉም ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ትጣላቸው ነበር።

የሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ ብድግ ብላ በጓሮ ዞረች። ጋሽ ማንደፍሮ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ዘንድ ተቀምጠዋል። ውሻና ጅብ እንዳይቀርብ እሱን መጠበቅ የእሳቸው ሥራ ነው። ዱላቸው ግን ራቅ ብሎ ሳሩ ውስጥ ወድቋል፤ ዝናብ ሲመታው ከርሞ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። የሲሚንቶው ክዳን ገሸሽ ብሎ ጥቁሩ አፍ ይታያል።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ ክዳኑ ተከፍቷል እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ካወቁ ለምን አይዘጉትም?»

«ከባድ ነው።»

«ሲከፍቱት አልከበደዎትም?»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። ጥርሳቸው አልቋል፣ ፊታቸው ግን የሕፃን ያህል የዋህ ነው። «አይ ምላስ! ታፍኗል፣ ይተንፍስ ብዬ ነው። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ቱግ ባይ። ውሻውን በዱላ፣ ጅቡን በባትሪ፣ ከውስጥ የሚመጣውንም እንደዚያው እመልስ ነበር። መቆጣት ግን ያደክማል፣ ልጄ። አንድ ቀን ክንድሽ ይዝላል። ሲዝል ደግሞ… ቀለል ይላል።»

«ከውስጥ የሚመጣው ምን?»

ጋሽ ማንደፍሮ መጥረጊያቸውን አነሱና ቅጠል የሌለበትን መሬት መጥረግ ጀመሩ። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ተደፈነው በር ድረስ መሬቱ ጠጠር ሳይቀርበት ተጠርጓል፤ ሣሩ ለሁለት ተከፍሎ ጠባብ፣ ለስላሳ መንገድ ሆኗል።

ዘርፌ ያን መንገድ አይታ ስትመለስ አማቷ ትዝ አሏት። በእነሱ መንደር እንግዴ ልጅ ከመኝታው ግድግዳ ሥር ይቀበራል፤ ልጅ ከቤቱ እንዳይርቅ፣ እንግዴ ልጁም ያረፈበትን እንዲያውቅ ይላሉ አሮጊቶቹ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ነርሷ ደርበውን «ትወስዱታላችሁ?» ብላ ፌስታል ዘርግታለት ነበር። ደርበው የአውቶቡሱን ሰው ዓይን ፈርቶ፣ በደሙም ፌስታል አፍሮ «እዚሁ ጣሉልን» አለ። ሁለተኛም ጊዜ እንዲሁ አለ። አማቷ ያኔ ፊታቸው ጠቁሮ «ቤቱን ካላሳያችሁት እናቱን ፍለጋ መነሳቱ አይቀርም» አሉ፤ ዘርፌም የአሮጊት ወሬ ብላ ሳቀች። ሁለቱም እንግዴ ልጆች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። አሁን ራስጌዋን ለእነሱ ሰጥታ ትተኛለች።

ትርንጎ በሰላም ተገላገለች። መንታዎቿን በሁለት ነጠላ ጠቅልላ ልትሰናበት መጣች። «ኑሪልኝ፣ ግድግዳሽንም ሰላም በይልኝ» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ዘርፌ በክፍሉ ብቻዋን ሆነች። በዚያው ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እስኪያደነቁር ወረደ፣ መብራት ጠፋ። ከዝናቡ ድምፅ በታች ያ የመጥባት ድምፅ ፈጠነ፤ አሁን አንድ አፍ አይደለም፣ ብዙ ነው። ልስኑ መሀሉ ላይ ወደ ውስጥ ተነፋ፣ ረገበ፣ ተነፋ። ኖራው እየተላጠ ትራሷ ላይ ረገፈ። ቀያዮቹ ክሮች መቃኑን አልፈው በግድግዳው ላይ ወደ አልጋዋ ወርደዋል፤ ጫፋቸው የሕፃን ጣት ያህል ደንዘዝ ብሎ፣ አንሶላዋን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ ያደርጋል።

«ጋሽ ማንደፍሮ!» ብላ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች። «ጋሽ ማንደፍሮ! ጭቃ አቡክተው ይኼን በር በውጭ በኩል ይድፈኑልኝ! ዛሬ ካልደፈኑልኝ በእግሬ አገሬ እገባለሁ! ብሞትም በእርስዎ ነው!»

«መጣሁ፣ ልጄ፣ መጣሁ» አሉ ሽማግሌው ከዝናቡ ውስጥ። «አይዞሽ፣ አሁን ይሠራል።»

አልጋዋን እየጎተተች ከግድግዳው አራቀችው፤ ሆዷ ከበዳት፣ ጠባሳዋ ተወጠረ። ከዚያ ቆማ አዳመጠች። በውጭ በኩል ሥራው ተጀመረ። ዘርፌ በዕድሜዋ ሙሉ ግድግዳ ለስናለች። ጭቃ ሲለጠፍ ጧ ብሎ ያርፋል፣ ከዚያ መዳፍ ያሸዋል። የምትሰማው ግን እሱ አይደለም። የምትሰማው ፍቅ፣ ፍቅ፣ ከዚያ እየተፈረከሰ የሚወድቅ ደረቅ ጭቃ ነው።

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በዝናቡ ዞረች። ጋሽ ማንደፍሮ ተንበርክከዋል። ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ ለብሷል። በባዶ እጃቸው፣ አንድ ሰው የተኛ ሕፃን ልብስ እንደሚያወልቅ በቀስታ፣ የበሩን ልስን እየፈረከሱ ያወርዱታል። በተጠረገው መንገድ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ እስከ ጉልበታቸው ድረስ፣ አንድ ሰፊ፣ እርጥብ፣ ከጉበት የጠቆረ ነገር ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ተበታትነዋል፤ ዝናቡ ሲመታው ይሸማቀቃል። እጥፋቱን ገልጦ ሲጠጋ አየች፤ ከዚያ በላይ አላየችም፣ ዓይኗን ሸፈነች።

«ምን እያደረጉ ነው?» ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «ጋሽ ማንደፍሮ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ እፍረት የለም፣ ክፋት የለም። «እያገዝኩ ነው» አሉ ለስለስ ብለው።

«ማንን?»

ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል። «ያንቺው አይደሉ እንዴ፣ ልጄ?»

ያኔ ከጠባሳዋ ሥር አንድ ነገር ተተረተረ፤ ትኩስ ደም በእግሯ ወረደ፤ ዝናቡም አጠበው። ከመውደቋ በፊት ሁለት የሽማግሌ ክንዶች ከሥሯ ሲገቡ ታስታውሳለች።

ስትነቃ ክፍሉ ነጭ ነው። አፏ ደርቋል፣ ሆዷ እንደ ባዶ ጆንያ ቀሏታል። ዶክተር ናሆም አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ፈገግ ብሏል። ደሙም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም በዚያው ቀን ደርሰው ኖሯል።

«ሴት ልጅ ናት» አለ። «ሳንባዋ የሚገርም ነው፣ ግቢውን አናወጠችው። አንቺንም ለጥቂት ነው ያተረፍንሽ። ማህፀንሽን አውጥተነዋል። እስከ ፊኛሽ ደርሶ ነበር፤ አሁን ግን ምንም አልቀረም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ጥበቃው… ግድግዳውን በእጃቸው ሲያፈርሱ…»

«ግድግዳውን ዝናብ ነው የጣለው። ጋሽ ማንደፍሮ ባይሆኑ ኖሮ እኮ አንቺም የለሽም። ተሸክመው ያመጡሽ እሳቸው ናቸው። የጋቢያቸው ደም እስካሁን አልለቀቀም።»

ልትጨቃጨቅ አፏን ከፈተች። ከማን ጋር? ሁሉም ደግ ነው፤ ሁሉም በየበኩሉ ልክ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ብላ ፈራችና ወደ ጣሪያው አየች።

ደርበው በማግስቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ልጅቱን አቅፎ አለቀሰ፣ ቀጥሎም ማልቀሱን ለመደበቅ ስለ መንገዱ ክፋት አወራ። ሲስተር የሺ በሩ ላይ ቆመች። በእጇ ድርብርብ ፌስታል የታሰረበት ባልዲ ይዛለች።

«ትወስዱታላችሁ ወይስ እዚሁ ይቅር?» አለች። «ማህፀኗም አብሮ ነው። ሊላቀቅ አልቻለም።»

ደርበው ወደ ዘርፌ አየ። ዘርፌ ስለዚያ ጉድጓድ አሰበች፤ ስለተጠረገው መንገድ።

«እንወስደዋለን» አለች። «ለዚያ ሽማግሌ አልተውለትም። በልማዱ እንቀብረዋለን፣ በቃ፣ ያርፋል።»

«አውቶቡሱ ላይ…» ብሎ ጀመረ ደርበው፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ባልዲውን ተቀበለ።

ልጅቱን ማስረሻ አሏት። አማቷ ባልዲውን ከእጃቸው ተቀበሉ፣ ከዘርፌ መኝታ ግድግዳ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት፣ ላዩንም ረገጥ ረገጥ አደረጉ። «አሁን ቤቱን አወቀ» አሉ። ዘርፌ ገንፎዋን በልታ፣ ልጇን አጥብታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰላም እንቅልፍ ተኛች። አቅሟ ሲመለስ ጭቃ ረግጣ ያንን ግድግዳ ደግማ ለሰነችው፤ እስከዚያ ከለሰነችው ሁሉ አሳምራ፣ ጣት የሚገባበት ስንጥቅ ሳታስቀር። እንዲህ ያለ ልስን ምንም አያልፈውም ብላ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ወጣች፣ አደዩ ሜዳውን ሞላው፣ የመንደሩ ግድግዳ ሁሉ ደረቀ። ያ ግድግዳ ግን ከመኝታዋ ጎን ከታች በኩል ረጥቦ ቀረ። ከዚያ ልጅቱ ከምትተኛበት ቁርበት፣ ከጀንዲዋ፣ ከፍ ብሎ አንድ ቀይ ክር አየች።

ዘርፌ እንደ እሳት ነደደች። ሠፈሩ እስኪሰማ ተሳደበች፣ ጭቃ አቡክታ ለጠፈችበት። በማግስቱ አልፎት መጣ። እበት ጨመረችበት፣ አመድ ጨመረችበት፣ ለጠፈችበት፤ አልፎት መጣ። ለደርበው አሳየችው።

«የክረምቱ እርጥበት ነው» አለ ጎንበስ ብሎ።

«ክረምቱ አልፏል!»

«ለእኔ ተይው፣ ነገ አየዋለሁ።»

ነገውን ሣር አጨዳ ዋለ። ከነገ ወዲያውን ገበያ ሄደ። አማቷም በእጃቸው ዳበሱና «ቤቱ ነው፣ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው» ብለው ወጡ። ዘርፌ ብቻዋን ትለጥፋለች፣ ያልፈዋል፣ ትለጥፋለች። መዳፏ ተሰነጣጠቀ። ክንዷ ዛለ። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ማንም አልሰማትም።

ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጭቃውን ገንዳ አጠገቧ አድርጋ ከግድግዳው ፊት ተንበረከከች። ጭቃውን አፍሳ እጇን አነሳች፤ እጇም እዚያው አየር ላይ ቆየ። ከልስኑ ውስጥ ያ ድምፅ ይሰማታል፤ ሳብ፣ ዕረፍት፣ ሳብ። ሽታው ወተት ወተት ይላል። ባዶው ሆዷ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደ ድንጋይ ዝም ያለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ልክ ሳብ አደረጋት። ያ ሁሉ ወር ሲያንገበግባት የኖረው ንዴት ከእሳት እንደወረደ ድስት ቀስ እያለ ጸጥ አለ፤ ምን ያህል ደክሟት እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። እንዴት ቀለል ይላል!

ጥላ በሩ ላይ ወደቀ። ደርበው ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ፣ መጀመሪያ ሳይለጠፍ በገንዳው የደረቀውን ጭቃ፣ ከዚያ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የተቀመጠውን የማስረሻን ጀንዲ አየ።

«ዘርፌ?» አለ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

ዘርፌ ጥፍሯ ሥር የገባውን ቀይ ጭቃ እንኳ ሳታራግፍ፣ አንድ ተጨማሪ የልስን ፍርካሽ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችና፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «እያገዝኩ ነው» አለችው።